በደጀ ሰላሙ ያልኩት አሜን

ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ በሄድኩ ቀን መዝጋቢው መምህር ቀና ሳይል «የአባት ስም?» አለኝ። የአባቴን ስም ነገርኩት፤ ጻፈ። «የአያት?» አለ። የአያቴን ስም ነገርኩት። እሱንም ጻፈና መታወቂያዬን አገላብጦ አየው። ከዚያ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጄን ተመለከተ።

«በዚህ አጻጻፍ እኮ እናትና ልጅ ሳትሆኑ እህትማማቾች ናችሁ» አለ።

ከኋላዬ ከተሰለፉት እናቶች አንዷ ሳቀች። ልጄ ሰው ሲስቅ መሳቅ ትወዳለችና እሷም ሳቀች። በማን እንደተሳቀ አላወቀችም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የልደት ምዝገባ በየቀበሌው ከተጀመረ ገና ዓመቱ ነበርና፣ ልጅቷ እየተማረች ትቆይ፣ አንቺ የልደት ካርዷን አምጪ ብሎ ሸኘኝ። ቀበሌ ስሄድ አባትየው መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ አሉኝ። ሞቶም ከሆነ ማስረጃ ያስፈልጋል አሉ።

አልሞተም። ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ባህር ዛፍ በቁሙ እየገዛ፣ አጠናውን በአይሱዙ እያስጫነ ይነግዳል። ሚስትና ልጆች አሉት። ለቅሶ ቤት ሲገባ ተነሥተው ቦታ ይለቁለታል።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ነገር ማሳመር አልችልበትም፤ ከመነሻው ጀምሬ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እኔና እሱ የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን። አገራችን በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው። አባቴ ሲሞት ዳንግላ ገብቼ አንዲት ክፍል ተከራየሁና መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በአዋዜ መሸጥ ጀመርኩ። እሱ ያኔ ሥራ ጀማሪ ነበር፤ ለአጠናው ሲመላለስ ከኔ ዘንድ ድንች ይበላል። የአገር ልጅ ነው ብዬ ቀረብኩት። ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ፤ አመንኩት። ከዓመት በላይ ቤቴ ሲገባና ሲወጣ ኖረ። ማርገዜን ስነግረው እውነትም ሽማግሌ ላከ። የላከው ግን ወደ ሌላ ሴት ቤት ነበር።

ልጄ በተወለደች በዓመቷ እናቴ የቀበሌያችንን ሽማግሌዎች ለምና ሰበሰበች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ውጭ ባለው ሣር ላይ ተቀመጥን። አምስት ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ልጄን አዝያለሁ። እሱ ከወንድሞቹ ጋር መጣና ቆሞ ካደ። ድንች ስትሸጥ ከማየት ሌላ አላውቃትም አለ። ሽማግሌዎቹ ምስክር አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አከራዬ ሊመሰክሩልኝ ቃል ገብተው ነበር፤ በቀኑ ግን እግራቸውን አመማቸው። እግራቸው ሰኞ ገበያ ወጣ።

በኛ አገር ምስክር ሲጠፋ የካደው ይምላል። ከማለ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ማንም ዳግመኛ አያነሣውም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው መሐላውን ለሱ ሰጡት። ተነሥቶ የደጀ ሰላሙን የእንጨት በር በእጁ ገፍቶ ዘጋው። መዳፉን በሩ ላይ እንዳደረገ፣ ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ ማለ።

«ልጅቱ የኔ ሆና ክጄ እንደሆነ፣ ዘሬን እንደ ጨው ያሟሟው፤ እንደ አመድ ያብንነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። መሐላ ያስማለው ወገን አሜን ካላለ አይጸናም። «አሜን በዪ» አሉኝ።

እየዋሸ ነው፤ እንግዲያውስ ይምጣበት፤ ያሰብኩት ይኼንን ብቻ ነው። ከሱ ድምፅ በላይ ጮኼ «አሜን» አልኩ።

ሰው ተበተነ። እኔና እናቴ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድን። እናቴ አማርኛዋ ለገበያና ለቢሮ ነው፤ ስትናደድ በአገውኛ ትናገራለች። ያን ቀን ግን ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆመችና በአማርኛ ጠየቀችኝ፤ እንዳልረሳው ብላ ይመስለኛል።

«ማን ላይ ነው አሜን ያልሽው?»

ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ልጋጓ አንገቴን አርሶታል። ያን ጊዜ እሱ ገና ሌላ ልጅ አልነበረውም። ዘሩ እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆንኩትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጄ ስታስል እቆጥራለሁ። እንቅፋት ሲመታት ጥፍሯን ሳይሆን ደሟን አያለሁ፤ ቶሎ ካልቆመ አዝያት ጤና ጣቢያ እሮጣለሁ። ሌሎች ልጆች ወንዝ ሲወርዱ እሷን ቀሚሷን ይዤ አስቀራታለሁ። ጎረቤቶቼ ልጇን በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ታሳድጋለች እያሉ ያሙኛል። አንድ ጊዜ ጫግኒ ለዘመድ ለቅሶ ወርደን ወባ ያዛት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ቆላ ከወረዱ ወባ ያለ ነው፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጫት ብላ አጽናናችኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። የልጄን ትኩስ ግንባር ይዤ እንደ ጨው፣ እንደ አመድ የሚለው ቃል በጆሮዬ ይመላለስ ነበር።

አገሩ ሁሉ እሱን አመነ። ሚስቱ ወንድና ሴት ወለደችለት፤ ሁለቱም ወተት የመሰሉ ጤነኞች። ሰው ያን አይቶ፣ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ያገኘው ነበር አለ። እኔ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ። ገበያ መካከል ሴቶች፣ በማርያም ደጅ የማለውን ሰውዬ በሐሰት የወነጀለች ይችት ናት እያሉ ያሳዩኛል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው፤ አንዳንድ ቀን ምነው እውነት ውሸታም በሆንኩ ብዬ ተመኝቻለሁ። እኔ ዋሽቼ ከሆነ መሐላው እውነት ነው፤ መሐላው እውነት ከሆነ ልጄን የሚነካት የለም። ከእናቴ በቀር በዓለም ላይ መሐላው የወደቀባትን የምናውቅ እኔና እሱ ነበርን። እሱ እንቅልፉን ይተኛል። ፍርሃቱን ለኔ ብቻ ትቶልኝ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት «እህትማማቾች ናችሁ» በተባልኩ ጊዜ፣ ፍርድ ቤት ለመሄድ ከማሰቤ በፊት የታየኝ የደጀ ሰላሙ በር ነው።

እናቴ ለመነችኝ። ወረቀት ቢቀር ይቀራል፣ ባባትሽ ስም ትማር አለች። ደጋግማ የምትለው ግን ሌላ ነበር፤ የተኛ መሐላ ነው፣ አትቀስቅሺው ትላለች። ሰው ሁሉ የሱ አይደለችም ብሎ ካመነ መሐላውም አልፏት ይሆናል፤ ነገ ልጁ ናት ተብሎ በማኅተም ሲጻፍ ግን ፈልጎ ያገኛታል።

«እማ፣ እግዚአብሔር የቀበሌ መዝገብ አይቶ ነው እንዴ የሚያውቃት?» አልኳት።

እኔም እንደሷ እንደምፈራ ታውቃለች። እውነትም እፈራ ነበር። ግን ልጄ ነገ ስምንተኛ ክፍል ስትፈተን፣ መታወቂያ ስታወጣ፣ ስታገባ፣ በየቢሮው ሁሉ ያ ሳቅ እየተከተላት ሊኖር ነው። መሐላውንም ሳቁንም አንድ ላይ ስትሸከም ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ የምትሠራ ሴት አገዘችኝ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ሥር የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ክሱን ጻፈልኝ። ከጻፈው በኋላ ቃል በቃል ካላነበብኩ አልፈርምም ብዬ ሰውዬውን ግማሽ ቀን አስቀመጥኩት። «እመቤት፣ ዳኛ እንኳ እንዲህ አያነብልኝም» አለ። ሁለት ቦታ አሳረምኩት። «አብረው ይኖሩ እንደነበር ትናገራለች» ብሎ ነበር፤ «ትናገራለች» የሚለውን አስወጣሁ።

እሱ ሁለት ቀጠሮ ቀረ። በሦስተኛው ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱን ይዞ መጣ። መልሱ አጭር ነበር። ይህ ጉዳይ በአገር ሽማግሌ ታይቷል፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምዬበታለሁ፣ ከሳሽም አሜን ብላ አጽንታዋለች አለ። አሜኔን ማስረጃ አደረገው። 

ዳኛው ገና ልጅ እግር ነበር። መሐላውን አልናቀም፤ ሙሉውን አዳመጠው። ፍርድ ቤት መሐላን እንደሚያከብር፣ ነገር ግን አባትነት በመሐላ ብቻ እንደማይወሰን በትሕትና አስረዳ። ቀጥሎ ከሁለታችሁም ከልጅቷም ናሙና ተወስዶ የዘረመል ምርመራ ይደረግ ዘንድ ላዝዝ ነው፣ ተቃውሞ አለዎት ወይ ብሎ ጠየቀው። ያ ሰው ወዲያና ወዲህ ሲል ዳኛው «አባቴ፣ በታቦት ፊት ለማለ ሰው እኮ ይሄ ቀላል ነው» አለው።

ችሎቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ አብዛኛው የኛ ቀበሌ። አብሮት የመጣው ሽማግሌም እየተመለከተው ነው። «አልፈራም፤ ይመርመር» አለ።

ያን ቃል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ለምን እሺ አለ? የሰው ዓይን ይዞት ነው፤ ያለዚያማ ሰበብ አያጣም ነበር። ግን ሌላም ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ከመሐላው በኋላ የተወለዱት ሁለት ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ ምንም አልደረሰበትም። የመሐላውን ቅጣት ስድስት ዓመት ጠብቆ ምንም ሳይደርስበት ሲቀር፣ የራሱን ውሸት እሱም አመነው። እኔ ልጄ ባሳለች ቁጥር ስሞት፣ እሱ ልጆቹ በሮጡ ቁጥር እየጸደቀ ነበር።

ምርመራው የሚደረገው አዲስ አበባ ነው ተባለ። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ደም እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፣ ከአፍ በጥጥ ይወስዳሉ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቀቴ ሌላ ሆነ። ልጄ ሕፃን ሳለች እህል እያኘክሁ አጉርሻታለሁ፤ የኔ ምራቅ ቀርቶባት ቢሆንስ? ተመልሼ ሄጄ ሠራተኛውን ጠየቅሁት። ሳቁን ዋጠና ችግር የለውም አለኝ። አላመንኩትም። በጉዞው ቀን ምግብ ነገሩን እንዳያበላሸው ብዬ ልጄን እህል ሳላቀምስ አሳፈርኳት፤ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልዬ በመቀነቴ አሰርኩት።

አውቶቡሱ እንጅባራ ሲደርስ እሱ ተሳፈረ። ቀጠሯችን አንድ ቀን ነውና ሌላ መኪና የሚይዝበት ምክንያት አልነበረውም። እኛን አየ፤ ከፊታችን ካለው ወንበር ሌላ ክፍት ቦታ አልነበረምና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። የአንገቱን ኋላ እያየሁ ከጎጃም ወጣሁ።

አባይ በረሃ ስንወርድ ልጄ ማስታወክ ጀመረች። ሆዷ ባዶ ነበርና ውሃ ብቻ ነው የሚወጣት። የያዝኩት ላስቲክ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ደብዳቤው ያለበት። ስደናበር ከፊት ለፊት አንድ እጅ ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ ፌስታል ይዟል። ፊቱን አላዞረም።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለች ልጄ። እንዲህ እንድትል ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ቃጠሎዬን ምን ብዬ ልጻፈው። ከዚያ ሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለችው ነገር የትውከት ፌስታል ነው። ለዚያም አመሰገነችው።

በማግስቱ ናሙና የምትወስደው ልጅ ነጭ ካፖርት የለበሰች ደስ የምትል ወጣት ነበረች። መጀመሪያ እሱን አስቀመጠችው። አፉን ከፈተ፤ በጥጡ ጉንጩን ከውስጥ አሸችው። ቀጥሎ ልጄን ወንበሩ ላይ አወጣቻት። ልጄ ከንፈሯን ገጠመች። ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቀችኝና ከትናንት ጀምሮ እህል በወጉ እንዳልቀመሰች ስነግራት ደነገጠች፤ ውሃ ተጉመጥሙጣ መቅረብ ብቻ ይበቃ ነበር አለች። ልጄን በከንቱ አስርቤአታለሁ። ከዚያ ወጣቷ ጎንበስ ብላ አባበለቻት።

«አይተሽዋል አይደል? ልክ እንደ አባትሽ አፍሽን ክፈቺ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ እሱ። አባቷ አይደለሁም ሊል የሚችል እዚያ ቦታ ከሱ በቀር ማንም አልነበረም። በደጀ ሰላሙ የጮኸ አፍ፣ በችሎት የተናገረ አፍ፣ ያን ጊዜ ዝም አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወጣ።

ስንመለስ ልጄ አውቶቡሱ ውስጥ አንገቴን ይዛ በጆሮዬ «እማ፣ አባቴ እሱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወረቀቱ ሲመጣ እነግርሻለሁ አልኳት። ይህን ያልኩበት ምላሴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ግን እውነቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀባይ ስላጣ፣ ለገዛ ልጄ እንኳ ያለ ማኅተም ለመንገር ፈራሁ።

ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ለፍርድ ቤቱ መጣ። ዳኛው በችሎት ከፍቶ አነበበው። ቁጥር ነበረበት፤ ቁጥሩን አልያዝኩትም። አባቷ መሆኑ ተረጋግጧል የሚለውን ግን ሰማሁ። እሱ መሣሪያው ሊሳሳት አይችልም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛው መለሰለት። ልጅቷ በስሙ ትመዝገብ፣ ቀለቧንም ይስጥ ተብሎ ተፈረደ።

ከችሎት ስንወጣ ያች የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሠራተኛ አቀፈችኝ፤ አሸነፍሽ አለችኝ። እኔ እግሬ ወደ ትምህርት ቤት ነበር የሚሮጠው። በዕረፍት ሰዓት በአጥሩ በኩል ልጄን ጠርቼ ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የላትም። ቢሆንም ቆሜ ደግሜ ዳሰስኳት። እናቴ ፍርዱን ስትሰማ እልል አላለችም። «እንግዲህ ወጣ» ብቻ አለች።

ሳምንት አልሞላም፤ ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጡ። አንዱ በመካከሉ ሞቶ ነበርና አራቱ ናቸው። ከኋላቸው አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ገባችና በሩ ሥር ተቀመጠች። ሚስቱ ነበረች። እሱ አልመጣም። ከስምንት ዓመት በፊት እልካለሁ ያላቸው ሽማግሌዎች በመጨረሻ ወደ ቤቴ መጡ ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ብዙ ዞሩ፤ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ድንቹ በሽታ አወሩ። መጨረሻ ላይ ነገሩን አወጡት። ሚስትየዋ ባሏ በሐሰት መማሉን ካወቀች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የማለው በዘሩ ነው፤ ሁለቱ ልጆቿም ዘሩ ናቸው። ካህን ጠይቃ፣ እሱ ንስሐ ይገባል፣ አሜን ያለችው ግን አሜኗን ታንሣ ተብላለች። ስለዚህ ሁላችን እዚሁ ቤት፣ በካህን ፊት፣ በጸጥታ እንጨርሰው አሉ።

ደሜ ፈላ። ድምፄን ግን ዝቅ አደረግሁ፤ በዕድሜ አባቴ ናቸው።

«አባቴ፣ የኔ ልጅ ይሄን መሐላ ስድስት ዓመት ስትሸከመው እርስዎ የት ነበሩ?»

«አላወቅንማ፣ ልጄ።»

«አሜን በዪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ጀርባዬ ላይ ማን እንደነበረች ያዩ ነበር።»

አንገታቸውን ደፉ። የሁለት ልጆች እናት ለስድስት ቀን ፈርታ አራት ሽማግሌ ተነሣላት። እኔ ስድስት ዓመት ስፈራ አንድ ሰው እንኳ ልጅሽ እንዴት ናት ብሎኝ አያውቅም። ይህን ሁሉ አልኳቸው። ሚስትየዋ ያኔ ከበሩ ሥር ተናገረች።

«እህቴ፣ እኔ አልማልኩም። ልጆቼም አልማሉም።»

የኔም ልጅ አልማለችም ነበር። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ በመስተዋት ስንት ዓመት አይቼዋለሁ።

አሜኔን አነሣለሁ አልኩ። ግን እዚህ ቤት ውስጥ አይሆንም። የማለው በደጀ ሰላሙ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። የሚያነሣውም እዚያው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሰው ፊት ነው። ሽማግሌዎቹ የሰውየውን ክብር አስቢ አሉኝ። የኔን ያሰበ የለም ብዬ ተነሣሁ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው እሺ አለ።

እሑድ ወጣን። ልጄን ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ ትልቁ ሽማግሌ ሁሉም እንዲቆይ ለመኑ። በሩ እንደ ድሮው ያው የእንጨት በር ነው። ሽማግሌዎቹ ዘጉት። እሱ መጥቶ መዳፉን አደረገበትና አንድ ነገር ለበሩ አንሾካሾከ።

«አልተሰማም» አልኩ። «ስትምል ጮኸህ ነበር።»

አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ሐፍረት ብፈልግ ያገኘሁት ንዴት ነው። ቢሆንም ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ልጄ ናት። የማልኩት ክጄ ነው። ቃሌን አንሥቻለሁ።» አለና በሩን ገፍቶ ከፈተው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ልክ እንደዚያን ቀን ዞሩ። ሚስቱ ከበሩ ወዲያ ሁለቱን ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ትንሿ የኔን ልጅ ቀሚስ አፍጥጣ ታያለች። ግንባሯ ቁርጥ የኔ ልጅ ግንባር ነው። ለሷም ለወንድሟም ክፉ አልተመኘሁም፤ በመሐላው ቀን እነሱ አልነበሩም።

«አሜኔን አንሥቻለሁ» አልኩ። «ከሦስቱም ላይ።»

ሚስትየዋ መሬት ላይ ተደፋች። ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም፤ እጃቸውን አነሡና «ይቅርም በዪው፣ ልጄ፤ እንዲጸና» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይቅር እንድል ይጠብቅ ነበር። ለምሳ የተዘጋጀ ነገርም ነበር መሰለኝ። እኔ እሱን አየሁት። ጋቢውን እያስተካከለ፣ አለቀ ብሎ ሊሄድ ነው።

«ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ አባቴ» አልኩ።

ሰው አጉረመረመ። ልበ ደንዳና ሲሉኝ ሰማሁ። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞረው ጠበቁ። ጊዜ ሰጡት፤ ብዙ ጊዜ ነበረው። ልጄን እጇን ያዝኩና በተከፈተው በር ገብተን ተሳለምን፤ ስንወጣ እሱ ሄዷል።

በነጋታው የልደት ካርዱን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ያው ነው። መዝገቡን አወጣና በአባቴ ስም ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረ፤ በላዩ የዚያን ሰው ስም ጻፈ። አባቴ ልጄን አላያትም፤ ሳትወለድ ነው የሞተው። ግን ሰው ሁሉ ሲተዋት በስሙ ያስጠለላት እሱ ነው። ለማይገባው ሰው ቦታ ሲለቅ ማየት አልቻልኩምና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ልጄ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት፤ እኔን በአንድ ክፍል በልጣኛለች። ስታስል አሁንም እቆጥራለሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ለበዓል ለልጅቷ ልብስ በሚስቱ እጅ ይመጣል፤ አስለብሳታለሁ። በመንገድ ሳገኘው ሰላም አልለውም። ሽማግሌው ከመሞታቸው በፊት፣ ያ ይቅርታሽ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁኝ። አልተጠየቅሁም አልኳቸው። እስከ ዛሬም አልተጠየቅሁም።